የማን ልብ ነው? ፍቅርና ማማለል በምናባዊ የሚና ጨዋታዎች ታሪክ

መግቢያ

በልብ ወለድ ውስጥ የሁለቱ አፍቃሪዎች ልብ በአንድ ደራሲ እጅ ነው። ጠያቂውንም ተጠያቂዋንም፣ ይሁንታውንም እምቢታውንም የሚጽፈው እሱ ነው። በጠረጴዛ ዙሪያ በሚካሄደው ምናባዊ የሚና ጨዋታ ግን ነገሩ ይለያል። አራት አምስት ሰዎች ተሰብስበው እያንዳንዳቸው አንድ ገጸ ባሕርይ ይይዛሉ፤ ዳኛ የሚሆነው ሰው መቼቱን ይተርካል፣ የቀሩትንም ገጸ ባሕርያት ይወክላል። ውጤቱ አጠራጣሪ የሆነ ድርጊት የሚወሰነው ቁጥር በተጻፈበት የዕጣ ጠጠር፣ በዳይስ ነው። ስለሆነም በዚህ ትረካ ውስጥ ፍቅር ሲገባ የአፍቃሪው ልብ በአንድ ሰው፣ የተፈቃሪዋ ልብ በሌላ ሰው እጅ ይሆናል።

ወደዚህ ጉዳይ የሳበኝ በዓይኔ ያየሁት ነገር ነው። እኔም ከተጫዋቾቹ አንዱ ሆኜ በተቀመጥሁበት ጠረጴዛ፣ የአዝማሪውን ገጸ ባሕርይ የያዘ ወጣት ከፊቱ የተቀመጠችው ተጫዋች የያዘችውን ገጸ ባሕርይ «አማልላታለሁ» አለ። ዳይሱን ጣለ፤ ሃያ ወጣ። ሁላችንም ሳቅን፤ እኔም ስቄያለሁ። ልጅቱ ግን እርሳሷን አስቀመጠች፤ በሚቀጥለው ሳምንትም አልመጣችም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ያ ቁጥር በምን መብት የእሷን ገጸ ባሕርይ ልብ ሊወስን እንደቻለ፣ የጨዋታዎቹም ደንቦች ለዚህ ጥያቄ በየዘመኑ የሰጡትን መልስ መመርመር ነው። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው።

ፍቅር እንደ ምርኮ

የዚህ ጨዋታ ዘር የጦርነት ጨዋታ ነው። ጋሪ ጋይጋክስና ጄፍ ፔረን በ1971 ቼይንሜይል የተባለውን የመካከለኛው ዘመን ውጊያ ደንብ አሳተሙ፤ በመጨረሻውም ስለ ድራገንና ስለ አስማተኛ የሚናገር ክፍል ጨመሩበት። ጋይጋክስ ከዴቭ አርንሰን ጋር ሆኖ ያዘጋጀው ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ በ1974 በአሜሪካ፣ በዊስኮንሲን ግዛት፣ ከሌክ ጄኔቫ ከተማ ወጣ። የመጀመሪያው እትም በሣጥን የተቀመጡ ሦስት ትንንሽ መጻሕፍትን የያዘ ሲሆን ብዛቱም 1000 ቅጂ ነበር። እያንዳንዱ ገጸ ባሕርይ ስድስት መለኪያዎች ነበሩት፤ ከእነዚህ አንዱ ግርማ ሞገስ ልንለው የምንችለው ነው። መጠኑ በሦስት ዳይስ ከ3 እስከ 18 ይወጣል፤ ዋና ተግባሩም ገጸ ባሕርዩ ስንት ተከታይ ሊቀጥር እንደሚችልና ተከታዮቹ ምን ያህል እንደሚታመኑለት መወሰን ነበር። የጦር አዛዥ መለኪያ ነው ማለት ይቻላል።

ሆኖም ደንቡ ይህንኑ መለኪያ ሲያስረዳ አንድ እንግዳ ምሳሌ ይጠቅሳል። ጠንቋይ ሴት ገጸ ባሕርዩን ብትማርከው ወደ ዐሣማ ትለውጠው ወይስ በአስማቷ አስራ ፍቅረኛዋ ታድርገው የሚለው በዚህ ቁጥር ሊወሰን ይችላል። ምሳሌው የሆሜርን ኦዲሲ ለሚያውቅ አንባቢ እንግዳ አይሆንም፤ የኦዲሴዎስን ባልደረቦች ወደ ዐሣማ የለወጠችውን ኪርኬን ያስታውሰዋል። ነገር ግን በሆሜር ኦዲሴዎስ ወደ መኝታዋ ከመቅረቡ በፊት ክፉ እንዳታደርስበት ያስምላታል፤ ማለትም በሁለቱ መካከል ድርድርና ቃል ኪዳን አለ። በ1974ቱ ደንብ ድርድሩ ቀርቶ ቁጥሩ ብቻ ይቀራል።

ቀጥሎ የመጣው ሙከራ ችግሩን አባባሰው። ሌናርድ ላኮፍካ በጥቅምት 1976 ዘ ድራገን በተባለው መጽሔት 3ኛ ቁጥር ስለ ሴት ገጸ ባሕርያት ባወጣው ጽሑፍ በግርማ ሞገስ ፈንታ ውበት የሚል መለኪያ ለሴቶቹ ሰጠ፤ ማማለልንም እንደ ኃይል አድርጎ አቀረበው። ሐሳቡ ሴቶችን ወደ ጨዋታው ለማስገባት ነበር። ውጤቱ ግን ወንዱ በግርማ ሞገሱ ሲመራ ሴቷ በመልኳ እንድትመዘን ማድረግ ነው። በ1978 የወጣው የተጫዋቾች መጽሐፍም የሴት ገጸ ባሕርያትን የጉልበት ጣሪያ ከወንዶቹ ዝቅ አደረገው፤ ይህ ገደብ የተነሣው በ1989ኙ ሁለተኛ እትም ነው። በ1985 ደግሞ የመልክ መለኪያ ከግርማ ሞገስ ተለይቶ ለሁሉም ገጸ ባሕርያት በአማራጭነት ቀረበ። በዚህ ሁሉ ጊዜ ግን ሚዛኑ ያረፈው በአማላዩ ላይ ነው፤ የሚጠየቀው የሱ ኃይል እንጂ የሌላዋ ፈቃድ አልነበረም።

ፍቅር እንደ ራስ ስሜት

ጥያቄውን የገለበጠው በእኔ አስተያየት ግሬግ ስታፎርድ ነው። በ1985 ያወጣው ፔንድራጎን የተባለው ጨዋታ የተመሠረተው በንጉሥ አርተር ታሪክ፣ በተለይም ካክስተን በ1485 ባተመው በቶማስ ማሎሪ መጽሐፍ ላይ ነው። ስታፎርድ ለእያንዳንዱ ፈረሰኛ 13 ጥንድ ጠባያትን ሰጠው፤ ከእነዚህ አንዱ ንጽሕናና ፍትወት ነው። የጥንዱ ድምር ምንጊዜም 20 ስለሆነ አንዱ ሲጨምር ሌላው ይቀንሳል። አማላይ ስትመጣ ዳይሱ የሚጣለው በፈረሰኛው በራሱ ጠባይ ላይ ነው፤ ጠባዩም የተቀረጸው እስከዚያ ቀን በሠራው ሥራ ነው።

ፍቅርም እንደ ታማኝነትና እንደ ጥላቻ በቁጥር ይለካል፤ ግን የሚለካው አፍቃሪው በራሱ ውስጥ የተሸከመው ስሜት ነው። ፈረሰኛው በጭንቅ ጊዜ ፍቅሩን ቢጠራና ዳይሱ ቢቀናው ብርታት ያገኛል፤ ባይቀናው በሐዘን ይዋጣል፤ ክፉኛ ቢከዳው ደግሞ ሊያብድ ይችላል። ላንስሎት አእምሮውን ስቶ በዱር መንከራተቱን ያነበበ ሰው ደንቡ ከየት እንደመጣ ወዲያው ይረዳል። በየዓመቱ ክረምት ጋብቻና ልደት ይታሰባሉ፤ አባት ሲሞት ልጁ ይተካል። በዚህም ፍቅር ከአንድ ሌሊት ጀብድ ወጥቶ የትውልድ ታሪክ ሆነ።

መልሱ ለባለቤቱ

ስታፎርድ የአፍቃሪውን ልብ ለራሱ መለሰለት፤ የተፈቃሪዋ መልስ ግን ገና አልተነሣም ነበር። በ2003 ሮን ኤድዋርድስ ሴክስ ኤንድ ሶርሰሪ በተባለው መጽሐፉ ሁለት ጠቃሚ ጽንሰ ሐሳቦች አቀረበ። አንደኛው ወሰን ነው፤ በጨዋታው ፈጽሞ የማይነሣውን ይለያል። ሁለተኛው መጋረጃ ነው፤ ነገሩ በታሪኩ ይፈጸማል፣ ግን ትረካው ዓይኑን ይመልሳል። ሁለቱም ስለ ገጸ ባሕርያቱ ብቻ ሳይሆን በጠረጴዛው ዙሪያ ስለተቀመጡት ሰዎች የሚያስቡ ናቸው። በ2005 የወጣው ብሉ ሮዝ ደግሞ ፍቅርንና ወዳጅነትን ከዳር አንሥቶ የምናባዊው ዓለም ማእከል አደረገ።

በ2010 ቪንሰንት ቤከር ያወጣው አፖካሊፕስ ዎርልድ፣ መቼቱ ምንም እንኳ ከሥልጣኔ ውድቀት በኋላ ቢሆን፣ ለጥያቄያችን ግልጽ መልስ አለው። አንድ ተጫዋች የሌላውን ተጫዋች ገጸ ባሕርይ ሲያማልል ዳይሱ ቢሳካ እንኳ ተማላዩ አይታዘዝም፤ እሺ ቢል ጥቅም ያገኛል፣ እምቢ ቢል ዋጋ ሊያስከፍለው ይችላል፤ ውሳኔው ግን የተማላዩ ተጫዋች ነው። አቬሪ አልደር በ2012 ያዘጋጀችው ሞንስተርሃርትስ ደግሞ ረቂቅ ልዩነት ያሳያል። ገጸ ባሕርዩ በማን እንደሚሳብ ተጫዋቹ አስቀድሞ አይወስንም፤ ዳይሱ ሊያስደንቀው ይችላል። በተሳበ ጊዜ ምን ያደርጋል የሚለው ግን ለተጫዋቹ የተተወ ነው። መሳብና መፍቀድ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸው በደንብ ውስጥ ታወቀ ማለት ነው።

ማጠቃለያ

«እንዲህ ከሆነ ዳይሱ ለምን ያስፈልጋል? ፍቅር በንግግር ብቻ ይጫወት» የሚል ክርክር ሊነሣ ይችላል። እኔ አልስማማበትም። ንግግር ብቻ ዳኛ ከሆነ አንደበተ ርቱዕ ተጫዋች ሁልጊዜ ያሸንፋል፤ ዓይን አፋሩ ሰው አዝማሪ ሆኖ ለመጫወት አይችልም። ጉልበት የሌለው ሰው ጦረኛን ሆኖ እንዲጫወት የፈቀደ ደንብ፣ አፍ የሌለውም ሰው አፍቃሪን እንዲሆን ሊረዳው ይገባል። ነገር ግን ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም እንደሚባለው፣ ዳይሱ እስከ ደጃፉ ያድርስ፤ በሩን የመክፈቱ ፈንታ በውስጥ ያለው ሰው ነው።

ይህ የጨዋነት ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የትረካ ጥበብ ጉዳይም ነው። የፍቅር ታሪክ ግጭቱን የሚያገኘው እምቢታ የሚቻል በመሆኑ ነው፤ እምቢ ማለት የማትችል ተፈቃሪ ገጸ ባሕርይ አይደለችም፤ ምርኮ ናት። ያን ዕለት ሃያ ሲወጣ ልንጠይቅ የሚገባን አጭር ጥያቄ ነበር፤ «የአንቺስ ገጸ ባሕርይ ምን ትላለች?» ጥያቄውን የጠየቀ አልነበረም። ብንጠይቅ ኖሮ ታሪኩ ከዚያ በጀመረ ነበር።