በፋልመዝ የሰፈረው ጦር፦ የወታደር ወኔ እንዴት ወድቆ እንዴት ተነሣ

ከ1861 እስከ 1865 (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ቀናት፣ ወራትና ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) የአሜሪካን ፌዴራል መንግሥትና የተገነጠሉትን የደቡብ ግዛቶች ባፋለመው የእርስ በርስ ጦርነት፣ ወታደሩ አብዛኛውን ዕድሜውን ያሳለፈው በሰፈር ሲሆን፣ በበሽታ የሞተውም በጦር ሜዳ ከወደቀው ይበልጥ ነበር። የሰፈር ኑሮ የአንድን ሠራዊት ወኔ ምን ያህል እንደሚሰብርና እንደሚጠግን ለመመርመር፣ የፌዴራሉ መንግሥት በምሥራቁ ግንባር ያሰለፈው የፖቶማክ ጦር ከ1862 መጨረሻ እስከ 1863 የጸደይ ወራት በቨርጂኒያ፣ በፋልመዝ አካባቢ ያሳለፈው ጊዜ ጥሩ ማስረጃ ነው።

ይህ ጦር በጄኔራል አምብሮዝ በርንሳይድ አዛዥነት የራፓሃኖክን ወንዝ ተሻግሮ በታኅሣሥ 1862 ፍሬድሪክስበርግ ላይ ባደረገው ውጊያ፣ በድንጋይ ካብ የተከለለን ጠላት ደጋግሞ በግንባር ቢያጠቃም ካቡን መድፈር ተስኖት፣ ከ12,000 በላይ ሰው ሞቶበት፣ ቆስሎበትና ጠፍቶበት ወደ ሰፈሩ ተመለሰ። ጄኔራሉ ሽንፈቱን ለመካስ ከጥር 20 ቀን 1863 ጀምሮ ጦሩን እንደገና ቢያንቀሳቅስም፣ ሌሊቱን የጀመረው ዝናብ መንገዱን አረንቋ አድርጎት መድፉ፣ ጋሪውና በቅሎው ጭቃ ውስጥ ተዘፈቀ፤ ወንዙ ማዶ ያለው ጠላት በሰሌዳ ላይ እየጻፈ ሲሳለቅበት የዋለው ሠራዊትም አንድ ጥይት ሳይተኩስ ተመለሰ። «የጭቃው ጉዞ» የተባለው ይህ ዘመቻ ወታደሩ በአዛዦቹ ላይ የነበረውን ቀሪ እምነት አሟጠጠው።

ይሁን እንጂ ወኔውን ይበልጥ የበላው የዕለት ተዕለት ኑሮው ነበር። ወታደሮቹ መሬቱን ጥቂት ቆፍረው፣ ግንድ ደርድረው፣ ስንጥቁን በጭቃ መርገው፣ ጣሪያውን በድንኳን ሸራ እየሸፈኑ በሠሯቸው ጎጆዎች ውስጥ ተፋፍገው ይኖሩ ስለነበር፣ እርጥበት፣ ጢስና ቆሻሻ ተቅማጥንና ትኩሳትን አዛመተባቸው። ምግባቸው በጨው የተቀመመ የአሳማ ሥጋ፣ ቡና፣ እንዲሁም የኢትዮጵያ ወታደር ኮቾሮ ከሚለው የሚቀራረብ፣ ካልተነከረ ወይም ካልተሰበረ የማይበላ ደረቅ ብስኩት ሲሆን፣ አትክልት በማጣት የሚመጣው ስኩርቪ የተባለው በሽታም ታየ። በአኩያ ክሪክ ወደብ ከነበረው ግምጃ ቤት እስከ ሰፈሩ የባቡር ሐዲድ የተዘረጋ በመሆኑ፣ ለችግሩ ዋናው ምክንያት የማጓጓዣ እጦት ሳይሆን የስንቅ ሹማምንቱ ቸልተኝነትና ሙስና ነበር። በወር 13 ዶላር የሚታሰበው የተራ ወታደር ደመወዝ ለአንዳንዶቹ ስድስት ወር ያህል ሳይከፈል በመቆየቱ ደግሞ፣ በየቤቱ የቀሩት ሚስቶችና ልጆች ስለ ችግራቸው የሚጽፉት ደብዳቤ የወታደሩን ልብ ወደ ቤቱ ሳበው። በዚህ ላይ በጥር 1 ቀን 1863 የጸናው የባሪያዎች ነፃነት አዋጅ፣ የተዋጋሁት ለአገር አንድነት ብቻ ነው በሚለውና አዋጁን በደገፈው ወታደር መካከል ክርክር አስነሣ።

ውጤቱ ኩብለላ ሆነ። በርንሳይድን በጥር ወር መጨረሻ የተካው ጄኔራል ጆሴፍ ሁከር ጦሩን ሲረከብ በቀን 200 ያህል ሰው ይከዳ እንደነበር፣ በመዝገብ ላይ ካሉትም 85,000 ያህሉ በሕመም፣ በፈቃድ፣ በሌላ ሥራ ወይም በኩብለላ ከሰፈሩ እንደራቁ ገልጿል። ከቤት በሚላክ ጥቅል ውስጥ የሲቪል ልብስ እየተደበቀ ይገባና ለማምለጫ ያገለግል ስለነበር፣ ጥቅሎቹ እንዲፈተሹ ታዘዘ። ፕሬዚዳንት ሊንከንም በመጋቢት 10 ቀን ባወጡት አዋጅ፣ እስከ ሚያዝያ 1 ቀን ወደ ክፍሉ የተመለሰ ኮብላይ በጠፋበት ጊዜ ያለውን ደመወዝ ከማጣት በቀር እንደማይቀጣ አስታወቁ።

ሁከር ግን ከቁጥጥሩና ከምሕረቱ ጎን ለጎን የችግሩን ሥር ነካ። ትኩስ ዳቦ በሳምንት አራት ጊዜ፣ ድንች ወይም ሽንኩርት ሁለት ጊዜ እንዲታደል አዘዘ፤ ይህን ያላደለ የስንቅ ሹም ዕቃው በግምጃ ቤት አለመኖሩን የሚገልጽ የጽሑፍ ማስረጃ ማቅረብ ነበረበት። ከመቶ ወታደር ሁለት ሁለቱ በየተራ ለአጭር ጊዜ ቤታቸውን እንዲጠይቁ የፈቀደ ሲሆን፣ በፍተሻ ጉድለት የተገኘበት ሬጅመንት ይህን መብት ያጣ ነበር። የጦሩ የሕክምና ኃላፊ ጆናታን ሌተርማን የጎጆዎቹ ሸራ እየተገፈፈ ፀሐይና አየር እንዲገባቸው፣ የቆሻሻና የመጸዳጃ ሥርዓትም እንዲጠበቅ አደረገ። እያንዳንዱ ኮር፣ ማለትም በርካታ ክፍለ ጦሮችን ያቀፈው ታላቅ ክፍል፣ እንደ ኮከብ፣ ጨረቃና መስቀል ያለ የራሱ ምልክት በቆብ ላይ እንዲያደርግ በመጋቢት ወር መወሰኑም ወታደሩን በክፍሉ እንዲኮራ አደረገው።

በሚያዝያ ወር ሊንከን ሰልፉን ሲጎበኙ ያዩት ጦር፣ አንድም ታላቅ ድል ሳያገኝ የተለወጠ ጦር ነበር። በግንቦት ወር ቻንስለርስቪል ላይ ተሸንፎ ከ17,000 በላይ ሰው ቢጎድልበትም እንደ ክረምቱ አልተፈታም፤ በሐምሌ መጀመሪያም ጌቲስበርግ ላይ ድል አድርጓል። ስለዚህ በፋልመዝ የታየው የወኔ መውደቅ የወታደሩ ፍርሃት ውጤት ነው ማለት አይቻልም፤ ስንቁን፣ ደመወዙንና ፈቃዱን በነፈገው አስተዳደር ላይ የሰጠው ፍርድ ነበር።