የቅቤ ሳምንትና የይቅርታ እሑድ



ሰው በአገሩ ሳለ የበዓሉንና የጾሙን ቀን የሚያስታውሰው ጎረቤቱ ነው፤ ቢዘነጋ እንኳ የቤተ ክርስቲያኑ ደወል ይነግረዋል፤ የሥጋ ቤቱም በር መዘጋት ያሳስበዋል። በሰው አገር ለሥራ የተቀመጠ ሰው ግን ቀኑን ራሱ ቈጥሮ መጠበቅ አለበት። ዛሬ ልነግራችሁ ያሰብሁት ከዚሁ የሚነሣ ነው፤ ይኸውም የሩስያ ሕዝብ የበረዶውን ወራት የሚሸኝበት፣ ማስሌኒጻ የሚባለው የበዓል ሳምንት ታሪኩ ምን እንደሆነና ከእኛ ዐቢይ ጾም ጋር በምን እንደሚገናኝ ነው።

በ2011 ዓመተ ምሕረት በሞስኮ ከተማ በሥራ ላይ ነበርሁ። የካቲት 25 ቀን ሰኞ ዐቢይ ጾም ተያዘ። በዋዜማው እሑድ፣ በቅበላ ዕለት፣ ከሁለት ያገሬ ልጆች ጋር ሆኜ ሥጋውንም ወተቱንም ተሰናብቼ ነበርና ጧት ወደ ሥራ ስገባ ልቤ ተዘጋጅቶ ነበር። ነገር ግን ገና ካፖርቴን ሳላወልቅ በክፍላችን ጠረጴዛ ላይ ብሊኒ የሚሉት ትኵስና ስስ ቂጣ፣ በቅቤ ርሶ፣ እንደ እንጀራ ተደራርቦ አየሁ። በአጠገቡም የወተት ስልባቦትና አይብ ተቀምጧል። በዕድሜ የሁላችን ታላቅ የነበሩ አንዲት የሥራ ባልደረባችን በሳሕን አድርገው አቀረቡልኝና፣ «ልጄ፣ ማስሌኒጻ ነው፤ በዚህ ሳምንት እንቢ ማለት የለም፤ ብላ» አሉኝ።

እኔም በሁለት ነገር መካከል ተያዝሁ። ብበላ ጾሜን እገድፋለሁ፤ ባልበላ ደግሞ እኒያ ሴት ከሌሊት ተነሥተው የጋገሩትን መናቅ ይሆንብኛል። እውነቱን ለመናገር፣ ሁለቱንም ፈርቼ ደካማውን መንገድ መረጥሁ፤ ሆዴን ያመኛል ብዬ ዋሸሁ። ሳሕኑን መልሰው ሲያነሡ በፊታቸው ላይ ያየሁትን ቅሬታ ሳምንቱን ሙሉ ልረሳው አልቻልሁም። ከዚያም አልፌ፣ «እነዚህ ሰዎች ኦርቶዶክሳውያን አይደሉምን? ታዲያ ጾሙ በገባበት ሰኞ ቅቤ እንዴት ይበላሉ?» እያልሁ በልቤ ፈረድሁባቸው። ፍርዴ ስሕተት መሆኑን የተረዳሁት የሁለቱን አብያተ ክርስቲያናት አቈጣጠር ጐን ለጐን አድርጌ ከመረመርሁ በኋላ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የእኛ ቤተ ክርስቲያንም የሩስያ ቤተ ክርስቲያንም ፋሲካን የሚያከብሩት በአንድ እሑድ ነው፤ ሁለቱም የጥንቱን የእስክንድርያ ሊቃውንት ስሌት ይከተላሉና። በዚያ ዓመት ትንሣኤ የዋለው ሚያዝያ 20 ቀን ነበር፤ የምዕራባውያኑ ፋሲካ ግን አንድ ሳምንት ቀድሞ ውሏል። ልዩነቱ ያለው በጾሙ ርዝመት ነው። የእኛ ዐቢይ ጾም 8 ሳምንት፣ ማለት 55 ቀን ሲሆን፣ የእነርሱ 7 ሳምንት፣ ማለት 48 ቀን ነው። እንግዲህ እኛ የመጀመሪያውን ሳምንት፣ ጾመ ሕርቃል የምንለውን ስንጾም፣ እነርሱ በማስሌኒጻ ላይ ናቸው ማለት ነው።

ይልቁንም የሚያስደንቀው፣ ሥጋ የሚተውበት ቀን ለሁለታችንም አንድ መሆኑ ነው። የሩስያ ሥርዐት ከዚያው ሰኞ ጀምሮ ሥጋን ይከለክላል፤ ወተትን፣ ቅቤን፣ እንቍላልንና ዓሣን ግን እስከ እሑድ ይፈቅዳል። ስለዚህ ቤተ ክርስቲያናቸው ጊዜውን የአይብ ሳምንት ስትለው፣ ሕዝቡ ደግሞ ቅቤ ማለት ከሆነው ማስሎ ከሚለው ቃል አውጥቶ ማስሌኒጻ ብሎታል። ባልደረቦቼ ጾም የሻሩ ሰዎች ሳይሆኑ ወደ ጾም በደረጃ የሚገቡ ሰዎች ኖረዋል።

ይህም ልዩነት የዛሬ አይደለም። በ4ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ ከምዕራብ ተነሥታ ኢየሩሳሌምን የተሳለመች ኤገርያ የምትባል ሴት፣ በአገሯ ከፋሲካ በፊት 40 ቀን ሲጾም በኢየሩሳሌም ግን 8 ሳምንት እንደሚጾም ጽፋለች። በ7ኛው መቶ ዓመት ደግሞ የፋርስ ጦር ኢየሩሳሌምን ወርሮ መስቀሉን በማረከ ጊዜ፣ ንጉሡ ሕርቃል ዘምቶ ድል እንዳደረገና መስቀሉን እንዳስመለሰ፣ ምእመናንም ስለ እርሱ አንድ ሳምንት እንደጾሙ በእኛ ዘንድ ይተረካል። የመጀመሪያው ሳምንት በስሙ የተጠራው ስለዚህ ነው።

የማስሌኒጻ ጨዋታው ግን ከዚህ ሌላ ሥር አለው። ሩስያ በ988 እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ክርስትናን ከመቀበሏ በፊት ሕዝቡ ብርዱን የሚሸኝበትና ፀሓይን የሚቀበልበት ልማድ እንደነበረው ብዙ ሊቃውንት ይናገራሉ። ቤተ ክርስቲያን ወደ ጾም መግቢያ ስታደርገው ልማዱ ከነጨዋታው ተከትሎ ገባ። የሳምንቱ ቀኖች እያንዳንዳቸው ስም አላቸው፤ ሰኞ መቀበያ ይባላል፤ ረቡዕ አማች ወደ ሚስቱ እናት ቤት ሄዶ ብሊኒ ይበላል፤ ዓርብ ደግሞ በተራው አማቱን ይጋብዛል፤ እሑድ የይቅርታ ቀን ነው።

ነገሥታቱ በዚህ በዓል ላይ የነበራቸው አሳብ አንድ አልነበረም። ጻር አሌክሲ ሚካይሎቪች በ1648 ባወጣው ትእዛዝ በየመንደሩ የሚዞሩትን አዝማሪዎችና ጨዋታቸውን ከልክሎ የሙዚቃ መሣሪያዎቻቸው ተሰብረው እንዲቃጠሉ አዘዘ። ልጁ ታላቁ ጴጥሮስ ግን በተቃራኒው፣ ከስዊድን ጋር በ1721 የተደረገውን ሰላም ለማክበር በ1722 በሞስኮ በበረዶ ላይ በፈረስ የሚጐተቱ መርከቦችን አሰልፎ ሕዝቡን አስደነቀ። ከሆልስታይን መስፍን ጋር በሩስያ ይኖር የነበረ በርክሆልትዝ የተባለ ጀርመናዊ ያን ሰልፍ በዕለት ማስታወሻው መዝግቦታል። እርሱም እንደ እኔ በሰው አገር ለሥራ የተቀመጠ እንግዳ ነበር።

ከዚያም በኋላ ማስሌኒጻ ለጥበብ ሰዎች ምንጭ ሆነ። ሱሪኮፍ የተባለው ሠዓሊ በ1891 የሳይቤርያ ሰዎች ከበረዶ የሠሩትን ምሽግ በፈረስ ሲሰብሩ የሚያሳይ ሥዕል ሣለ፤ ስትራቪንስኪም በ1911 በፓሪስ ለታየው ፔትሩሽካ ለተባለው የዳንስ ትርኢት የማስሌኒጻን ገበያ መነሻ አደረገ። ከ1917 አብዮት በኋላ መንግሥቱ የሃይማኖት በዓላትን ስለ ተቃወመ በዓሉ ደበዘዘ፤ ቆይቶም በ1960ዎቹ የሩስያን የበረዶ ወራት መሸኛ በሚል ሃይማኖት በሌለው ስም በየአደባባዩ ይከበር ነበር። የሶቪየት መንግሥት በ1991 ካበቃ በኋላ ግን የጥንት ስሙ እንደገና ጐላ። ስሙን ሲለዋውጡበት ቂጣውን ሳይለውጡት መቅረታቸው፣ ልማድን የሚጠብቀው ከአዋጅ ይልቅ ምጣድ መሆኑን ያስረዳል።

አሁን ወደ ጀመርሁት ነገር ልመለስ። መጋቢት 1 ቀን እሑድ፣ በከተማው መናፈሻ፣ ከጭድ የተሠራች፣ የሴት ልብስ የለበሰች ትልቅ አምሳል በእሳት ስትቃጠል ቆሜ አየሁ። ልጆች ይጮኻሉ፤ ሽማግሌዎች እጃቸውን ወደ እሳቱ ዘርግተው ይሞቃሉ። ደመራ ያየ ዓይን በዚያ ነበልባል ፊት እንግድነቱን ለጥቂት ጊዜ ይረሳል።

ወደ ማታ እኒያ ባልደረባዬ በስልክ ጠሩኝ። ሰላምታ እንኳ ሳይጨርሱ፣ «ልጄ፣ በዚህ ዓመት በቃልም በሥራም ያስቀየምሁህ እንደሆነ ይቅር በለኝ» አሉኝ። የይቅርታ እሑድ ሥርዐት ይህ ነው፤ ታናሽ ታላቁን፣ ታላቅም ታናሹን፣ አለቃም ጸሓፊውን ይቅር በለኝ ይላል፤ መልሱም «እግዚአብሔር ይቅር ይበልህ፤ እኔም ይቅር ብያለሁ» የሚል ነው። በኛም ዘንድ በምትታወቀው በግብፃዊቷ ማርያም ገድል እንደሚነበበው፣ በዮርዳኖስ አጠገብ የነበሩ መነኮሳት ጾሙ ሲገባ እርስ በርሳቸው ይቅር ተባብለው ወደ በረሓ ይበታተኑ ነበር።

እኔ ግን መልሱን ለመስጠት አፌ ተሳሰረ። የበደልሁ እኔ ሆኜ ሳለሁ ይቅርታ የሚለምኑኝ እርሳቸው ሆኑ። ስለዚህ ሆዴን አሞኝ እንዳልነበረ፣ የአገሬ ጾም በዚያው ሰኞ በመግባቱ መብላት እንዳልቻልሁ፣ ይህንንም መናገር አፍሬ እንደዋሸሁ አንድም ሳላስቀር ነገርኋቸው። ጥቂት ዝም አሉ። ከዚያም ሳቁና፣ «አንተ ሞኝ! ብትነግረኝ ኖሮ ያለ ቅቤ እጋግርልህ ነበር» አሉኝ።

በማግሥቱ ሰኞ የእነርሱም ጾም ገባ። ስደርስ ሴትዮዋ ቀድመውኝ ተቀምጠው ነበር። በሳሕኑ ላይ በዱቄትና በውኃ ብቻ የተጋገረ ብሊኒ ነበረ፤ ከላዩም ማር ፈሶበታል። በዚያ ቀን ከአንድ ሳሕን በላን፤ እርሳቸው ጾማቸውን ሲጀምሩ እኔ ሁለተኛውን ሳምንት እጀምር ነበር።

እንግዲህ አንባብያን ሆይ፣ ከእናንተ መካከል ለሥራ ወደ ውጭ አገር የሚሄድ ወይም በመሥሪያ ቤቱ ከባዕድ ሰው ጋር የሚሠራ ብዙ ነው። የሌላው ልማድ እንግዳ ሆኖ ሲታያችሁ፣ ከመፍረድ በፊት ምክንያቱን ጠይቁ፤ የራሳችሁንም ሳታፍሩ ንገሩ። እኔ አንድ ሳምንት ሙሉ የከፈልሁት የኅሊና ዕዳ በአንድ እውነተኛ ቃል ሊቀር ይችል ነበርና።

በሌላ ታሪክ እስክንገናኝ ደኅና ሰንብቱ።