ቅጥል ጠጕርና «ተፈጥሮ»፤ ስለ ቤኒ ሻንጉል የጠጕር ሥራ ታሪክ

የአገርን ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚመለከቱት ጦርነቱን፥ ውሉንና ሹመቱን ነው። ሴቶች በጓሮ ተቀምጠው አንዷ በሌላዋ ራስ ላይ የሚሠሩት ሥራ ግን፥ ዕድሜው ከብዙ መንግሥታት ዕድሜ የሚበልጥ ሆኖ ሳለ፥ ወደ መጽሐፍ የሚገባው ጥቂት ነው። በዛሬው ጊዜ በአሶሳም ሆነ በአዲስ አበባ ባሉት የሴቶች ጠጕር ቤቶች በክሊፕ የሚያያዝ ቅጥል ጠጕር ይሠራበታል። ይህን የማይወዱ ሰዎች «የፈረንጅ አመጣሽ ነው» ይላሉ፤ የሚወዱት ደግሞ «ተፈጥሮ እስኪመስል ድረስ ከተሠራ ምን ነውር አለበት?» ይላሉ። ሁለቱም አነጋገሮች ሳይመረመሩ የሚነገሩ ስለ ሆኑ፥ እኛ በዚህ ጽሑፋችን ሁለት ጥያቄዎችን እናነሣለን። አንደኛው፥ ጠጕርን በጠጕር ወይም በክር መቀጠል በእውነት እንግዳ ነገር ነውን? ሁለተኛውም፥ «ተፈጥሮ ይመስላል» ሲባል የሚመስለው የማንን ተፈጥሮ ነው? የሚል ነው። ዓመቶቹን በኢትዮጵያ አቈጣጠር እንጽፋለን፤ የውጭ አገር ነገር ሲሆን ግን እ.ኤ.አ. ብለን እንለያለን።

አስቀድመን ሥራው ምን እንደ ሆነ እንግለጥ። በክሊፕ የሚያያዘው ጠጕር በጥብጣብ ላይ ተሰፍቶ የተደረደረ ሲሆን፥ በጥብጣቡ ጀርባ ጥርስ ያላቸው ትንንሽ ክሊፖች አሉበት። ሰፋፊዎቹ ጥብጣቦች ለኋላ፥ ጠባቦቹ ለጎንና ለጎን ይሆናሉ። ባለሙያዋ የሴቲቱን ጠጕር ከጆሮ እስከ ጆሮ በሚዶ ትከፍለውና የላይኛውን ጠቅልላ ታስረዋለች፤ ከዚያ በኋላ ከማጅራት ጀምራ ደርብ በደርብ ወደ ላይ እየወጣች ታያይዛለች። ክሊፑ እንዳይንሸራተት የሚነክስበትን ሥር በሚዶ ወደ ኋላ እያበጠረች ታሻክረዋለች፥ ወይም ቀጭን ሹሩባ ሠርታ በእርሱ ላይ ታስነክሰዋለች። ከግንባርና ከጆሮ ግንድ ሁለት ጣት ያህል ትታ፥ ከዐናትም ላይ የሴቲቱን የራሷን ጠጕር ለመሸፈኛ ታስቀራለች። ቀለሙ የሚመረጠው ከጠጕሩ ሥር ጋራ ሳይሆን ከጫፉ ጋራ ተስተያይቶ ነው፤ የሚዋሐደው ከጫፉ ጋራ ነውና። በመጨረሻም ቅጥሉን በመቀስ ስትከረክም አንድ እኩል አድርጋ አትቈርጠውም፤ ከፍና ዝቅ እያደረገች ከራስ ጠጕር ጋራ ታመሳስለዋለች እንጂ። ማታ ከመኝታ በፊት ደግሞ ይወልቃል። እንግዲህ ከዚህ ሁሉ የምንረዳው አንድ ነገር ነው፤ የዚህ ሙያ ጥበቡ በመጨመሩ ሳይሆን መጋጠሚያውን በመሰወሩ ላይ ነው።

ይህ ጥበብ የዛሬ ሰዎች የፈለሰፉት አይደለም። በላይኛው ግብፅ ሂራኮንፖሊስ በተባለው ስፍራ ከተቈፈሩት መቃብሮች በአንዱ ውስጥ፥ ከ5,000 ዓመት በፊት በሞተች ሴት ራስ ላይ ቅጥል ጠጕር ተገኝቷል። ይህም ከታላላቆቹ ፒራሚዶች የሚቀድም ጊዜ ነው። አማርና በተባለችው ከተማ መቃብር ደግሞ የ3,300 ዓመት ገደማ ዕድሜ ያላት ሴት 70 ያህል ቅጥሎች ደርብ በደርብ ተያይዘውላት መገኘቷን የቁፋሮው ሊቃውንት በ2014 እ.ኤ.አ. አስታውቀዋል። የጥንቷ ግብፅ ባለሙያ ሐሳቧ ዛሬ በአሶሳ ከምትሠራው ባለሙያ ሐሳብ የራቀ አልነበረም። ዐባይ ከቤኒ ሻንጉል አልፎ ወደ ግብፅ ስለሚወርድ ብቻ ልማዱ ከዚያ ወደዚህ ወጣ፥ ወይም ከዚህ ወደዚያ ወረደ አንልም። ነገር ግን በዐባይ ሸለቆ ቅጥል ጠጕር ጥንታዊ ነገር መሆኑ ከተረጋገጠ፥ «የፈረንጅ አመጣሽ» የሚለው ቃል መሠረቱ ይናጋል።

አሁን ወደ ቤኒ ሻንጉል እንመለስ። ይህ አገር በወርቁ ምክንያት ከጥንት ጀምሮ የነጋዴና የገዥ ዐይን ያረፈበት ነው። የግብፁ ገዥ የመሐመድ ዓሊ ልጅ ኢስማዒል ፓሻ በ1814 ዓ.ም. ወርቅና ባሪያ ፍለጋ እስከ ፋዞግሊ ድረስ ዘልቆ ነበር፤ ፈረንሳዊው መንገደኛ ፍሬዴሪክ ካዮም አብሮት ተጕዟል። ከዚያም ጀምሮ ጀላባ የሚባሉት የሱዳን ነጋዴዎች በብዛት እየገቡ፥ ከበርታ ባላባቶች ጋራ እየተጋቡ፥ ወጣዊጥ የተባለውን የገዥዎችና የነጋዴዎች ወገን መሠረቱ። የአሶሳው ሼህ ሆጀሌ አል ሐሰን ከዚህ ወገን የወጡ ናቸው። በ1890 ዓ.ም. የራስ መኰንን ጦር አገሩን ለዐፄ ምኒልክ መንግሥት አስገበረ፤ ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋራ በተደረገውም ውል የሱዳን ወሰን ሲከለል፥ የበርታ ሕዝብ ከፊሉ በወዲህ፥ ከፊሉ በወዲያ ቀረ።

ወሰኑ ምድሩን ከፈለው እንጂ የሴቶችን ሙያ አልከፈለውም። ሱዳኖች ሙሻጥ የሚሉት ሹሩባ እጅግ ቀጭን ስለ ሆነ አንዱን ራስ ለመጨረስ ብዙ ሰዓት ይፈጃል፤ ካርካር በሚባል መልካም መዓዛ ባለው ቅባትም ይለሰልሳል። ጅርቲግ በተባለው የሠርግ ሥርዐት በሙሽሮቹ ራስ ላይ ደሪራ የሚሉት የሰንደል ዱቄት ይደረጋል፤ ቀይ የሐር ክርም ይታሰርላቸዋል። ጠጕሯ ያጠረ ሙሽራ እንደ ሆነች ለጭፈራው ጊዜ ሹሩባ ይቀጠልላታል። በጋብቻና በንግድ ከዚህ አገር ጋራ በተሳሰረችው አሶሳ እንዲህ ያለውን ልማድ ማግኘት የሚያስደንቅ አይሆንም።

የበርታ ሕዝብ አብዛኛው እስላም እንደ መሆኑ፥ ነገሩን ከሃይማኖት ለይቶ ማየት አይቻልም። በሐዲስ መጻሕፍት እንደሚነገረው፥ ልጇ በሕመም ምክንያት ጠጕሯ የረገፈባት እናት፥ የሠርጓ ቀን ስለ ደረሰ ይቀጠልላት እንደ ሆነ ነቢዩን ብትጠይቅ፥ አልተፈቀደላትም። የምትቀጥለውም የምታስቀጥለውም ሴት ተወግዘዋል። ይሁን እንጂ ሊቃውንቱ በአተረጓጐም ተለያይተዋል፤ ከእነርሱም ውስጥ እነ ሰዒድ ኢብን ጁበይርና አሕመድ ኢብን ሐንበል የሰው ጠጕር የተከለከለ ሆኖ፥ ከሐር ወይም ከሱፍ ክር የተሠራው ቅጥል ነውር የለበትም ማለታቸው ተጽፏል። የክልከላው ምክንያት ማታለል ነው ያሉት ሊቃውንት፥ ክር ክር መሆኑ ስለሚታይ ማንንም አያታልልም ብለው አስረድተዋል። በክርስቲያኖችም ዘንድ ቢሆን የእስክንድርያው ቀለምንጦስ የሌላ ሰው ጠጕር የሚደርቡትን ሴቶች ሲነቅፍ፥ ካህኑ እጁን በራሳቸው ላይ በጫነ ጊዜ የሚባርከው ማንን ይሆን? ሲል ጠይቋል። እንግዲህ አንባቢ ልብ ይበል፤ የሁለቱም ሃይማኖቶች ሊቃውንት የተጨነቁት ስለ ውበት ሳይሆን ስለ እውነት ነው። የዛሬዋ ባለሙያ «መጋጠሚያው አይታይም» ብላ የምትመካበት ነገር፥ ለእነርሱ ዋናው የክርክር ነጥብ ነበር።

በደጋው አገር ደግሞ ጠጕር የማዕርግና የዕድሜ ምልክት ነበረ። ሕፃኑ በቁንጮው፥ ልጃገረዲቱ በሳዱላዋ ትታወቅ ነበር፤ ሳዱላም ዐናቷ ተላጭቶ ዙሪያው የሚተው ሲሆን፥ ስታገባ ጠጕሯን ታሳድገዋለች። ሐዘን የደረሰበት ሰው ጠጕሩን ይላጫል። ወንዱም ቢሆን ከቅጥል ጠጕር የራቀ አልነበረም፤ ጀግናው የአንበሳ ጎፈር በራሱ ላይ ሲደፋ፥ ከአውሬው የተወሰደ ጠጕር ተቀጠለለት ማለት ነው። በ1923 ዓ.ም. በዐፄ ኃይለ ሥላሴ የንግሥ በዓል ላይ የተገኙት መኳንንት ጎፈር ደፍተው እንደ ነበር ይታወቃል። የጠጕር ክብርም ምን ያህል እንደ ሆነ ለመረዳት የዐፄ ቴዎድሮስን ታሪክ ማስታወስ ይበቃል። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. በመቅደላ ከሞቱ በኋላ ከራሳቸው የተቈረጠው ጠጕር ወደ እንግሊዝ አገር ተወስዶ፥ በለንደን በጦር ሠራዊት ሙዚየም ተቀምጦ ከቈየ በኋላ በመጋቢት 2011 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ተመልሷል። ጥቂት ዘለላ ጠጕር የሁለት መንግሥታት ጉዳይ ሊሆን ቻለ።

ነገር ግን ይህ ክብር ለሁሉም ጠጕር እኩል አልተሰጠም። በአማርኛ ዞማና ሉጫ የተባለው ጠጕር ሲመሰገን፥ ከርዳዳ የተባለው ግን መሳለቂያ ሆኖ ኖሯል። ቃላቱ በባዶ ሜዳ የበቀሉ አይደሉም። የምዕራቡን ቈላ ሕዝቦች፥ በርታውንም ጉሙዙንም ሌሎቹንም፥ የደጋው ሰው «ሻንቅላ» በሚል የንቀት ስም አንድ ላይ ይጠራቸው ነበር፤ ስሙም ከቈዳቸው ጥቁረትና ከጠጕራቸው ዐይነት ጋራ ተያይዞ ለባሪያ ፈንጋዩ ማመካኛ ሆነ። በአገሩ ወርቅ ሲነሣ ሰውም አብሮ ይነሣ ነበር። የባሪያ ንግድን የሚከለክሉ ዐዋጆች በ1916 ዓ.ም. እና በ1934 ዓ.ም. ወጥተዋል፤ በ1987 ዓ.ም. በጸደቀው ሕገ መንግሥትም ቤኒሻንጉል ጉሙዝ አሶሳን ዋና ከተማው አድርጎ ከፌዴሬሽኑ ክልሎች አንዱ ሆኗል። ዐዋጅ ገበያን ይዘጋል፤ ዐይን የለመደውን የውበት መስፈሪያ ግን ወዲያው አይለውጥም። «ተፈጥሮ ይመስላል» የሚለውን ቃል ለመመርመር የፈለግነውም ስለዚህ ነው።

የዛሬው ዕቃ ከየት መጣ? በአሜሪካ አገር በክሊቭላንድ ትኖር የነበረችው ጥቁር አሜሪካዊት ክሪስቲና ጄንኪንስ ቅጥል ጠጕርን ከራስ ጠጕር ጋራ በስፌት የሚያያይዝ ዘዴ አውጥታ በ1952 እ.ኤ.አ. የባለቤትነት መብት ተሰጣት። በ1957 እ.ኤ.አ. ደግሞ በጃፓን ካኔካሎን የተባለው ሰው ሠራሽ ጭረት በፋብሪካ መሠራት ጀመረ፤ ዛሬ ለሹሩባ የሚገዛው ርካሹ ቅጥል የዚህ ዘመድ ነው። የሰው ጠጕር የሆነው ከህንድና ከቻይና በብዛት ይመጣል፤ በህንድ ቲሩማላ በሚባለው ቤተ መቅደስ ምእመናን ለስእለት የተላጩት ጠጕር በጨረታ ይሸጣል። በሰው ሠራሹና በሰው ጠጕር መካከል ያለው ልዩነት በእሳት ይታወቃል፤ የሰው ጠጕር የጋለ ብረት ሲችል፥ ተራው ሰው ሠራሽ ይቀልጣል። ስለዚህም የሹሩባ ጫፍ በፈላ ውኃ ተነክሮ እንዲቈለፍ ይደረጋል።

ወደ አሶሳ የገባው ግን ዕቃ ብቻ አይደለም፤ ሰውም ነው። በ1977 ዓ.ም. ከደረሰው ረኀብ የተነሣ ከወሎ ብዙ ሕዝብ በአሶሳ ዙሪያ ሲሰፍር፥ የወሎን የሹሩባ ሙያ የሚያውቁ እጆችም አብረው መጡ። ከ1989 ዓ.ም. ጀምሮ በሸርቆሌ፥ ኋላም በባምባሲ መጠለያዎች የሱዳን ስደተኞች ኖረዋል፤ በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት ከተነሣ በኋላም ሌሎች በኩርሙክ በኩል ገብተዋል። እንግዲህ በአንዲት ከተማ የበርታዋ፥ የወሎዋና የሱዳኗ እጅ ጎን ለጎን ይገኛል። የንግድ ቤቱ ጥብጣብ በዚህ ሁሉ ሙያ ላይ የተጨመረ አራተኛ ነገር ነው እንጂ፥ ባዶ ሜዳ ላይ የወረደ አይደለም።

ወደ ሁለቱ ጥያቄዎቻችን ስንመለስ፥ የመጀመሪያው መልስ ግልጥ ሆኗል። መቀጠል እንግዳ አይደለም፤ እንግዳ የሆነው ክሊፑና ፋብሪካው ነው። ሁለተኛው ግን ከባድ ነው። ባለሙያዋ በትክክል ብትሠራ የምትከተለው ሕግ ቅጥሉ የራስን ጠጕር መምሰል አለበት የሚል ነው። ይህንን ሕግ እስከ መጨረሻው ከተከተልነው፥ ጠጕሯ ጥቅልል ለሆነ የበርታ ወይም የጉሙዝ ሴት የሚስማማት ቅጥል ጥቅልል የሆነው ነው። ገበያው ግን ብዙ ጊዜ የሚያቀርብላት ሉጫውን ነው፤ እርሱን ለማስማማት ሲባል የራሷ ጠጕር በእሳትና በመድኃኒት እንዲቃና ይደረጋል። ያን ጊዜ ቅጥሉ እርስዋን መምሰሉ ቀርቶ እርስዋ ቅጥሉን ትመስላለች፤ ይህም የሙያውን ሕግ መገልበጥ ነው። ጕዳቱም በሐሳብ ብቻ አይቀርም። ከባድ ቅጥል ዘወትር ሥሩን ሲጐትት፥ በተለይ በግንባርና በጆሮ ግንድ ያለው ጠጕር እየሳሳ ይሄዳል፤ ጕተታው ከዘለቀም ተመልሶ አይበቅልም። ማታ ማውለቅ፥ ዘወትር አንዱን ስፍራ አለማስነከስ፥ ሥሩንም ማሳረፍ ያስፈልጋል የሚባለው ስለዚህ ነው።

ስለዚህ እኛ ቅጥልን የሚያወግዙትንም፥ ሳይመረምሩ የሚያመሰግኑትንም አንከተልም። የሐር ክርን የፈቀዱት የጥንት ሊቃውንት ጥሩ መለኪያ ትተዋል፤ ይኸውም ጌጥ ጌጥ መሆኑ ከታወቀ ማንንም አይበድልም የሚል ነው። በእርሱ ላይ እኛ አንድ እንጨምራለን። ጌጡ የለበሰችውን ሴት በራሷ መልክ እንድታፍር የሚያደርጋት ከሆነ፥ መጋጠሚያው ምንም ያህል ቢሰወር ተፈጥሮ መሰለ ሊባል አይገባውም። ከርዳዳ የሚለው ቃል ስድብ መሆኑ ቀርቶ እንደ ዞማ ሁሉ የአንድ ጠጕር ዐይነት ስም ብቻ በሆነ ቀን፥ የአሶሳዋ ወጣት ከጠጕር ቤት ገብታ የፈለገችውን ብታስቀጥል ምርጫዋ የራሷ ነው ማለት እንችላለን።