የክልል ፕሬዚዳንት "ቃሊቲ የሚወርደው" መቼ ነው?

"ቃሊቲ ወረደ" ሲባል ፋብሪካውን ወይም የከባድ መኪናውን ሰልፍ የሚያስብ የለም። የአቃቂ ቃሊቲ ስም በፖለቲካችን የማረሚያ ቤት ስም ሆኗል፤ ቂሊንጦም ያለው እዚያው ክፍለ ከተማ ነው። ለመሆኑ የክልል መሪ ከወንበሩ የሚነሣው ጥፋቱ ሲታወቅ ነው ወይስ በማዕከል ያለው ደጋፊው ሲዳከም?

በ1993 ዓ.ም. ሕወሓት ሲሰነጠቅ የደቡብ ክልል ፕሬዚዳንት አባተ ኪሾ ከተሸናፊው ወገን ቆሙ። ሥልጣናቸውን አጡ፤ በሙስናም ተከሰሱ።

የአብዲ መሐመድ ዑመር (አብዲ ኢሌ) ታሪክ ደግሞ የበለጠ ያስተምራል። የሶማሌ ክልልን ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ ስምንት ዓመት መሩ። ልዩ ፖሊሱ ክንዳቸው ነበር። ጅግጅጋ በሚገኘው "ጄል ኦጋዴን" ስለሚፈጸም ግርፋትና አስገድዶ መድፈር የቀድሞ እስረኞች ተናግረዋል፤ ሂዩማን ራይትስ ዎችም በ2010 ክረምት ዘርዝሮ አወጣው። በሕገ መንግሥቱ የክልሉ ከፍተኛ የሥልጣን አካል ምክር ቤቱ ነው። በእነዚያ ስምንት ዓመታት ግን ምክር ቤቱ አላወረዳቸውም።

የተለወጠው የማዕከሉ መንግሥት ነው። በመጋቢት 2010 አዲስ ጠቅላይ ሚኒስትር መጣ። ሐምሌ 28 መከላከያ ጅግጅጋ ገባ፤ ከተማዋ ታመሰች፤ ሰው ሞተ፤ አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ፤ ሱቆች ተዘረፉ። ሐምሌ 30 አብዲ ሥልጣን ለቀቁ፤ ነሐሴ 21 ታሰሩ። ስምንት ዓመት ያልተነካው ሰው ከወር ባነሰ ጊዜ ከቤተ መንግሥት ወደ እስር ቤት ሄደ።

ከዚያ በኋላስ? ክሱ ያተኮረው በሐምሌው ጥቃት ላይ ነበር። ችሎቱ ዓመታት ፈጀ። በመጋቢት 2016 መንግሥት ክሱን አንሥቶ ፈታቸው። ጥፋተኛ ናቸው ወይም ነጻ ናቸው የሚል የመጨረሻ ፍርድ ሳይሰማ ፋይሉ ተዘጋ።

እዚህ ላይ ሁለት ወገን ተበድሏል። በጅግጅጋ ሰው የሞተበትና ንብረቱ የወደመበት ቤተሰብ ፍርድ አላገኘም። የጄል ኦጋዴን እስረኛ ደግሞ እስር ቤቱ ሲዘጋ አየ እንጂ የደረሰበትን በፕሬዚዳንቱ ችሎት ሲመረመር አላየም። ተከሳሹም ቢሆን ስሙን በፍርድ የማጥራት ዕድል አላገኘም።

ማዕከሉ ሾመ፣ ማዕከሉ ሻረ፣ ማዕከሉ አሰረ፣ ማዕከሉ ፈታ። ይህ የቆየው ሹም ሽር ነው እንጂ ተጠያቂነት አይደለም። ስለዚህ ነገ ሌላ ፕሬዚዳንት ወረደ ሲባል "ታሰረ ወይ?" ብለን አንርካ። ማን አወረደው? በምን ጥፋት? ፍርዱስ የት ደረሰ? ብለን እንጠይቅ።