የካራ ቁልቁለትና የደም ፍርድ

የሰንዳፋ መንገድ በካራ በኩል ወደ ኮተቤ በሚያዘቀዝቅበት፣ ቀድሞ ነጋዴ በቅሎውን እየሳበ በወረደበት ሥፍራ፣ ዛሬ ባለ ተሳቢው ማርሽ ቀንሶ፣ የጋለ ፍሬኑ እየሸተተ ይወርዳል።

እንዲህ ባለ ቁልቁለት ፍሬን ከድቶ ሰው ሲሞት፣ ሾፌሩ እንዴት ይዳኝ? ፍትሐ ነገሥት ነፍስን በፈቃዱ ያጠፋውን ሳይፈቅድ ካጠፋው ለይቶ ይዳኝ ነበር፤ የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግም በቸልተኝነት መግደልን በወንጀልነት ደነገገ፤ የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ደግሞ፣ በአንቀጽ 543፣ ተራውን ቸልተኛ በቀላል እስራት ሲቀጣ፣ ደንብን ሆን ብሎ የጣሰውን፣ ሰክሮ የነዳውን፣ ወይም ከአንድ በላይ ነፍስ ያጠፋውን ከ5 እስከ 15 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ይቀጣዋል።

ይህ ፍርድ ርቱዕ ነው እላለሁ፤ ነገር ግን ፍሬኑ ማለቁን እያወቀ መኪናውን ጭኖ የሰደደ ባለንብረትም ከሾፌሩ ጎን ከችሎት ይቁም። ሽማግሌ የሚቆርጠው የደም ካሳ ለሟች ልጆች ቀለብ ይሆናል፤ ዐቃቤ ሕግን ግን ከክሱ ሊያስቀረው አይገባም።