ቀይ መስቀል በጦር ሜዳ፤ ከ1928 ዓ.ም. ታሪክ

በአገራችን ልማድ ሊመታ የተነሣን ሰው «በሕግ አምላክ!» ቢሉት እጁን ያቆማል። የሚያቆመው ግን ቃሉ ብቻ አይደለም፤ ቃሉን የሰማ መንገደኛ ሁሉ ምስክርና ያዥ ስለሚሆን ነው። በሐኪም ድንኳን ላይ የሚዘረጋው ቀይ መስቀልም እንደዚሁ ያለ ጥሪ መሆኑን ከ1928 ዓ.ም. ጦርነት ታሪክ ለማሳየት እንሞክራለን።

የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር ሐምሌ 1 ቀን 1927 ዓ.ም. ተቋቋመ። በዚያው ወር መንግሥታችን ቁስለኞችና አስታማሚዎቻቸው በጦርነት ጊዜ እንዲከበሩ የሚያዘውን የጄኔቭ ውል ተቀበለ። ኢጣሊያም ውሉን አስቀድማ አጽድቃው ነበር። እንግዲህ ጦርነቱ ሲጀመር ሁለቱም መንግሥታት በአንድ ሕግ ታስረው ነበር ማለት ነው።

ይሁን እንጂ ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. ደሴ በአይሮፕላን ስትደበደብ የቀይ መስቀል ምልክት ያለበት ሆስፒታል ተመታ። ታኅሣሥ 20 ቀን በገናሌ ወንዝ አጠገብ፥ መልካ ዲዳ ላይ፥ የራስ ደስታን ጦር ያስታምም የነበረው የስዊድን ሕክምና ሰፈር በቦምብ ተመታ። አለቃው ዶክተር ፍሪዴ ሂላንደር ቈሰሉ፤ ረዳታቸው ጉናር ሉንድስትሮም ሞተ፤ በሕክምና ላይ የነበሩ ብዙ ኢትዮጵያውያንም አለቁ። የካቲት 25 ቀን ደግሞ ዶክተር ጆን ሜሊ ይመሩት የነበረው የእንግሊዝ ሰፈር ኰረም አጠገብ ተደበደበ።

ኢጣሊያ «ምልክቱ የጦር መሸፈኛ ሆኗል፤ የተማረከ አብራሪያችንም ተገድሏል» ስትል ተከራከረች። ነገር ግን ውሉ እንዲህ ያለው ክስ እንዲመረመር ያዛል እንጂ ቁስለኛና አስታማሚ በብቀላ እንዲመቱ አይፈቅድም። ምርመራው ሳይደረግ ቀረ። የዓለም መንግሥታት ማኅበር ማስረጃ ቢጠይቅም የጄኔቩ የቀይ መስቀል ኮሚቴ ገለልተኛነቱን ምክንያት አድርጎ መልእክተኞቹ ያቀረቡለትን ሳይሰጥ ቀረ። ጥሪው ተሰማ፤ ምስክር ግን አልቆመም።

ጥፋቱን ሁሉ በጠላት ላይ ብቻ መጫንም ለታሪክ እውነተኛነት አይስማማም። ዶክተር ሜሊ ከኰረም ቦምብ ተርፈው፥ በሚያዝያ መጨረሻ አዲስ አበባ ስትዘረፍ፥ ቁስለኛ ሲያነሡ በዘራፊ ጥይት ተመተው ሞቱ።

በ1941 ዓ.ም. የጄኔቭ ውሎች ታድሰው ጥበቃው ሰፋ። ቢሆንም በሰኔ 2013 ዓ.ም. በትግራይ የድንበር የለሽ ሐኪሞች ሦስት ሠራተኞች፥ ከእነርሱም ሁለቱ ኢትዮጵያውያን፥ በሥራ ላይ ሳሉ ተገደሉ። ስለዚህ የጐደለው የሕግ ቃል አይመስለንም። የጐደለው ቃሉ በተጠራ ጊዜ ቆሞ የሚመሰክርና የሚመረምር ነው። ወንጀሉን የሠራው ወገናችን በሆነ ጊዜም ይህንኑ ማድረግ እንደሚገባን የ1928 ዓ.ም. ታሪክ ያስተምረናል።