ቦታው የተጠበቀለት ድምፅ

ጠጋ ጠጋ በሉ፣ የጫኖን የመስቀል ማታ ላውጋችሁ።

ከአርባ ምንጭ ተነስታችሁ የሶዶን መንገድ ስትይዙ፣ በስተቀኝ ደፍራሹ አባያ፣ በስተግራ የጋሞ ተራራ፣ መሀሉ ሙዝና ማንጎ፤ ጫኖ ማለት ይህ ነው። አገሩ ቆላ ነው፤ ዘፈኑ ግን የደጋ። ከ2,000 ሜትር በላይ ካለው ከዶርዜና ከጨንቻ ወርዶ እዚህ ጎጆ የቀለሰ ሰው ዜማውን ተራራው ላይ ትቶት አልመጣም።

ታዲያላችሁ፣ መስከረም 16 ማታ ነው። «ዮ! ዮ ማስቃላ!» ይላል መጪው፤ «ዮ!» ይላል ተቀማጩ። ኮጮው ከነዳጣው ቀርቧል፤ ቦርዴው በቅል ይዞራል። ደመራው ሲነድ አንድ ሽማግሌ ቀጭን ድምፅ ወደ ሰማይ ለቀቁ። ሌላው ከሥር ገባ፤ ሦስተኛው እየቆራረጠ መሀሉን ሞላ፤ የቀሩት ጎርናናውን ድምፅ እንደ መሬት አነጠፉት። እኔ ሁሉም አንድ ዜማ ሲያዜም ብቻ ሰምቼ ያደግሁ ነኝና ጆሮዬ ማንን እንደሚከተል ጠፋው።

«አባባ፣ ዋናው ዜማ የቱ ነው?» አልኋቸው፣ እረፍት ሲያደርጉ።

«ዋናማ የለውም ልጄ። እኔ ብቻዬን ብዘፍን እንጉርጉሮ ነው። ይልቅ ስማው፤ አንድ ቦታ ጎድሏል።»

እውነትም ጎድሎ ነበር። የጎደለው ልጃቸው ነው፤ ሽሮ ሜዳ ሸማ ሲሠራ ከርሞ ለመስቀል የሚገባ። አውቶቡሱ ዘግይቷል። እነሱ ግን የእሱን ድምፅ ለማንም አልሰጡትም፤ ተራው ሲደርስ ትንሽ ዝም ይሉና ያልፋሉ።

ይህን የድምፅ አሠራር የሩቅ ሰዎችም ፈልገውታል። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ፈረንሳዊው የሙዚቃ አጥኚ በርናር ሎርታ ዣኮብ ዶርዜ መጥቶ ቀድቶት፣ ዘፈኑ በሸክላ ታትሟል። ከእኛ ወደ ደቡብ ዝቅ ሲባል፣ ጊዶሌ ላይ፣ ደራሼዎች ቀርከሃ ቆርጠው ፊላ ይነፋሉ፤ እያንዳንዱ የራሱን ድምፅ ያዋጣል፣ ዜማው ከሁሉም ተጠራቅሞ ይወለዳል። እስከ ጃፓን ብትሄዱም ቀርከሃው ይከተላችኋል። በ593 እ.ኤ.አ. በተመሠረተው በኦሳካው የሺቴኖጂ የቡድሃ ቤተ መቅደስ፣ በየዓመቱ ኤፕሪል 22 ከኩሬ በላይ ባለው የድንጋይ መድረክ ለልዑል ሾቶኩ መታሰቢያ ጋጋኩ የሚባለው ጥንታዊ ሙዚቃ ይሰማል። እዚያ ሾ የሚባል መሣሪያ አለ፤ 17 ቀጫጭን ቀርከሃ በአንድ ሰው እጅ ታቅፎ ብዙ ድምፅ በአንድ ትንፋሽ ያወጣል። በጃፓን አንድ ሰው ብዙ ቀርከሃ ይይዛል፤ በጊዶሌ ብዙ ሰው ቀርከሃውን ይካፈላል፤ በዶርዜ ደግሞ ቀርከሃው ራሱ ሰው ነው።

ወደ ጫኖ ልመልሳችሁ። ዘፈኑ እንደገና ተነሳ። ያ ባዶ ቦታ ሲደርስ፣ ከሙዙ ማሳ ጀርባ፣ ከጨለማው ውስጥ አንድ ድምፅ መጣና ክፍተቷ ውስጥ ልክክ አለ። ሸማኔው ነው። ሻንጣውን አላወረደም፣ አባቱን አልሳመም፤ መጀመሪያ የገባው ዘፈኑ ውስጥ ነው። ሽማግሌው ዓይናቸው እንባ ሞላ፤ ዜማቸውን ግን አላቋረጡም። እኔም ያኔ ገባኝ፤ ለካ ሰው ቤቱ መድረሱ በእግሩ ብቻ አይደለም።

በዓሉ አልፎ ሸማኔው ወደ ሽሮ ሜዳ የተመለሰ ዕለት፣ ማታ ሽማግሌው አሥር ዓመት የማይሞላውን የልጅ ልጃቸውን ከጎናቸው አስቀመጡት።

«አባትህ እስኪመጣ ያዝለት» አሉት። «ሲመጣ ሌላ ቦታ እንፈልግልሃለን።»

ልጁ ጉሮሮውን ጠረገና አፉን ከፈተ።